አንድ ሰዓት ከሩብ

አስካለች አምስት እስፒል በከንፈሮቿ ይዛ ስለነበር ያንን ወሬ ስትሰማ አፏን መክፈት አልቻለችም። ረድኤት በርጩማው ላይ ቆማ፣ ገና ያላለቀውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ከጓደኛዋ ጋር ትንጫጫለች። አስካለች ደግሞ ከእግሯ ሥር ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ እያጠፈች በእስፒል ትይዛለች። «አልሰማሽም እንዴ? የጎዴው ሰውዬ'ኮ ወደቀ!» አለች ረድኤት። «ለሶዶ ቅርንጫፍ የተወዳደረው መካኒክ ነዋ! የቤተሰብ መራራቅ የሚባል ነጥብ አለ አይደል? በጉዞ ሰዓት ነው የሚሰጠው። ኤርፖርት ያለበት ቦታ በአውሮፕላን፣ የሌለበት በመኪና ይታሰብ አሉና ስልክ ላይ ሲያዩት፣ ከጎዴ ኤርፖርት ለሶዶ ቅርብ እስከሆነው አርባ ምንጭ ኤርፖርት አንድ ሰዓት ከሩብ! የገሱባው ሰውዬ ግን በመኪና አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነለት። አዎ! ገሱባ ከጎዴ ራቀች እልሻለሁ!» ሳቋ ከሆዷ ስለመጣ ቀሚሱ አብሯት ተንቀጠቀጠ፤ የአስካለች እስፒል ጨርቁን ስቶ አውራ ጣቷን ወጋት።

አስካለች አልጮኸችም። እስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ከዚያ ተነሣች።

«ስልኩን ዝጊው» አለች።

«እ?»

«ያ የጎዴው ሰውዬ ባሌ ነው።»

ረድኤት ስልኩን ከጆሮዋ ላይ አወረደችው። ከውስጡ የጓደኛዋ ሳቅ ገና ይሰማ ነበር። «ወይኔ ጉዴ! እትዬ አስካለች፣ በማርያም፣ ባዳቾ ያንቺ ባል መሆኑን በምን አውቄ? እኔ'ኮ ጸሐፊ ነኝ፤ የሰጡኝን ነው የምተይበው።» ከበርጩማው ወርዳ መጋረጃው ኋላ ገባችና ቀሚሱን አውልቃ የራሷን ልብስ ለብሳ ወጣች። የቀብድ ብሯን እንኳ አላነሣችም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች። «ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተሻገር ይባላሉ። ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ፣ እሺ?»

ሱቁ ከአራት ሜትር በሦስት አይበልጥም። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ጥግ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላው ማዳበሪያ አለ። የኪራዩ ዋጋ ካለፈው መስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ ጨምሯል። አስካለች ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ የልክ ደብተሯን አወጣች። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው፤ ደረት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። መካከል ላይ የባዳቾ ገጽ ነው። ባሏ ከጎዴ በመጣ ቁጥር፣ ገና እህል ሳይቀምስ፣ መስታወቱ ፊት አቁማ ትለካዋለች። መጀመሪያ በቀልድ የተጀመረ ነገር ነበር። ሜትሩን ስታዞርበት ስለ መንገዱ ትጠይቀዋለች፤ የሚላትንም ከልኩ በላይ ትጽፋለች። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው።

«ከጎዴ የወጣ ሰኞ። ሶዶ የገባ ዓርብ። ወገብ 86።» «ከጎዴ የወጣ እሑድ። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ቆመ። ሶዶ የገባ ቅዳሜ። ወገብ 83።» ሦስተኛው ከሌሎቹ ይረዝማል፤ እናቱ የሞቱ ጊዜ ነው። «ከጎዴ የወጣ ማክሰኞ ጧት በአውሮፕላን። አዲስ አበባ አደረ። ረቡዕ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ። ሶዶ የገባ ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ወገብ 80።» እናቱ የተቀበሩት ማክሰኞ ነበር። አራተኛው የዘንድሮው ነው፤ በአውቶቡስ አምስት ቀን፣ ወገብ 79። በዚያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጃቸው ናርዶስ አባቷን ስታይ ከስፌት መኪናው ሥር ተደብቃ እስከ ማታ አልወጣችም። እሱም ወለሉ ላይ ተቀምጦ ከመኪናው ሥር በጣቱ ኳስ እያንከባለለላት ዋለ።

ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ሱቁን ቆለፈች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ ያወቀችው ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባዳቾ ታላቅ ወንድም ወደ ኤርካሎ ቤት ነው። ሴት ብቻዋን ቢሮ ገብታ ከምትከራከር የባሏ ታላቅ ከፊት ቢቆምላት ያምራል፤ ነገሩም ይሰማል፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ኤርካሎ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ሰው ሲጣላ የሚጠራ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ቤቱ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በሩን ከፍታ ግቢው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ገና ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ፍራሽ ነበር። አጠገቡ ሁለት ቦታ የተፈታ የብረት አልጋ፣ አንድ የዘይት ጀሪካን፣ አንድ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ግድግዳውን ተደግፏል። ሳሎኑ ውስጥ የኤርካሎ ሚስት የተቀቀለ ጎዳሬ ከዳጣ ጋር አቀረበችላት፤ ሳህኑን ስታስቀምጥ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሣችም።

«አልጋ ገዛችሁ?» አለች አስካለች።

ሚስቱ ባሏን አየች። ኤርካሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወንድሟ ነው። ከገሱባ ሲመጣ... ለጊዜው ነው ያስቀመጠው።»

ገሱባ። አስካለች አንድ ቁራጭ ጎዳሬ አንሥታ ዳጣ አስነክታ በቀስታ አላመጠች፤ ያልተበላ ሳህን ትቶ መነሣት በዚህ ቤት ነውር ነው። ውጤቱ የተለጠፈው ዓርብ ነው። አልጋው ከዚያ በኋላ የመጣ ቢሆን ጭቃው ገና ትኩስ በሆነ ነበር፤ የብረቱ እግሮች ላይ የተለጠፈው ግን ከሰነበተ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የገሱባው ሰውዬ አልጋ ውጤቱ ሳይለጠፍ ነው የመጣው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ኤርካሎ ሰላም ሳይላት በጎን ያለፈው ለምን እንደነበር አሁን ገባት። ጎረቤት ቤት ጀነሬተር ተነሥቶ ጠፋ፤ እንደገና ተነሣ።

«ኢሻ» አለች በመጨረሻ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ባዳቾ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የሚርቀው ተብሎ ወድቋል። ከእኔ ጋር ቢሮ ድረስ እንዲመጡልኝ ነው የመጣሁት።»

«አስካለች፣ ገሱባም ቢሆን መንገዱን አታውቂውም? ክረምት ሲገባ'ኮ ሰው እግሩ ይሻለዋል።»

«አውቃለሁ። እግሩ ይሻለዋል ማለት በእግር ይደረሳል ማለት ነው። ከጎዴ በእግር ይመጣል?»

ኤርካሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አነባበረ። «የመንግሥት ሥራ ነው፤ አንዴ ተወስኗል። እግዚአብሔር ጊዜ አለው። አንቺ ቢሮ ለቢሮ እየዞርሽ ብትጮሂ የቤተሰቡ ስም ነው የሚነሣው።»

አስካለች ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ለእሱ ስትነሣ ሁልጊዜ ዝቅ ትል ነበር፤ አሁን አላለችም። «እናታችሁ ያረፉ ዕለት ባዳቾ ‹አንድ ቀን ጠብቁኝ› ብሎ በስልክ ሲያለቅስ ‹ጎዴ ሩቅ ነው፣ አይደርስም› ብለው ሬሳውን ያስነሡት እርስዎ ነዎት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያን ቀን የራቀ ጎዴ ዛሬ በምን ቀረበ?»

ሚስቱ የሳህኑን ጫፍ በጣቷ ታሽከረክር ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዘበኛው ቦርሳዋን ፈትሾ መቀሱን ወሰደባት፤ ሜትሩን ተወላት። ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ከተሸፈነው ሰሌዳ ውስጥ ወረቀቱን አገኘችው። የባዳቾ ስም ሁለተኛ ነው። የሥራ ልምድ ከገሱባው ይበልጣል፣ የሥራ አፈጻጸም እኩል ነው፣ የቤተሰብ መራራቅ ላይ ሲደርስ በሦስት ነጥብ ተቀድሞ ድምሩ በአንድ ነጥብ አንሷል። አንድ ነጥብ። ከአርባ ምንጭ ሶዶ ያለው የመኪና መንገድ የት እንደገባ ወረቀቱ አይናገርም፤ በወረቀቱ ላይ ባዳቾ አርባ ምንጭ ወርዶ ቤቱ ገብቷል።

አቶ ተሻገር ሰፊ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡ፣ ሰፊ ሰው ናቸው። ኮታቸው የተሰፋ ሳይሆን የተገዛ መሆኑን፣ እጅጌው ሁለት ጣት እንደሚረዝም አስካለች ከበሩ ላይ ሆና አየች። በዚያው ክፍል ሌሎች ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ በመስኮቱ በኩል ረድኤት ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች። ቀና ብላ አስካለችን ስታይ መልሳ አቀረቀረች።

«ምን ልታዘዝ፣ እህቴ?» አሉ አቶ ተሻገር።

«የባዳቾ ሚስት ነኝ። ቅሬታ ይዤ ነው።» ባጃጅ ውስጥ የጻፈችውን አንድ ገጽ ጽሑፍ ዘረጋችላቸው።

አላነበቡትም። «ቅሬታ የሚያቀርበው ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ በአካል።»

«ባለጉዳዩ ጎዴ ነው ያለው።»

«ይምጣ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ አስራ አንድ ተኩል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ መመሪያው ነው።»

አስካለች የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስምንት ከአስር ይላል። ውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፏ በፊት እንደምታደርገው የቀረውን ሰዓት በዓይኗ ለካችው። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ተነሣ። ከወዲያ በኩል የሞተር ጩኸት ይሰማል።

«ባዳቾ፣ አሁኑኑ ተነሥ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሶዶ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እንጠብቅሃለን።»

ሞተሩ ጠፋ። «አስኩ? ደህና ነሽ? ናርዶስ ደህና ናት?»

«ሁላችንም ደህና ነን። ቢሮህ ነኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የምትርቀው ብለው ጽፈውልሃል፤ በአካል ይምጣ ብለውሃል። ና እንግዲህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የሚቀጥለው አውሮፕላን'ኮ ሐሙስ ነው! እሱም የሚሄደው አዲስ አበባ ነው። አርባ ምንጭ የሚል አውሮፕላን እዚህ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም።»

«ለእኔ አትንገረኝ፤ አቶ ተሻገር እየሰሙህ ነው።»

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ተሻገር» አለ ባዳቾ፣ እንደ ተማሪ።

«እህቴ፣ ይህ ቢሮ ነው!» አሉ አቶ ተሻገር።

«ቢሮ መሆኑን አውቄ ነው የጠራሁት። ይምጣ አሉኝ፣ ጠራሁት። በእናንተ ወረቀት መሠረት እጠብቀዋለሁ።» ስልኩን ዘግታ ግድግዳው ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ባለጉዳይ ገባ፣ ባለጉዳይ ወጣ። አስካለች ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሰው ቢሮ ውስጥ ሲጠብቅ ስልኩን ይነካካል፣ ያዛጋል፣ ይነሣል ይቀመጣል፤ እሷ በሩን ብቻ ነው የምታየው። መጀመሪያ ማንም ልብ አላላትም። ቆይቶ ከጎን ክፍል አንድ ሠራተኛ ብቅ ብሎ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለ። «ከጎዴ የሚመጣ ሰው» አለው ሌላው፤ ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ሦስት ሰዎች ሥራ የያዙ መስለው ቆመው ነበር። ዘጠኝ ከሩብ ሲል አንዱ «አሁን የአባያ ሐይቅን ሳይሻገር አይቀርም» አለ፤ «ኧረ አየር ላይ ወረፋ ይዞ ይሆናል» አለ ሌላው። አቶ ተሻገር አንድ ወረቀት አንሥተው ያንኑ ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበቡ። ዘጠኝ ከሃያ አምስት ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ሳይመካከር በሩን አየ። በሩም ተከፈተ። የሻይ ቤቷ ሴት ትሪ ይዛ ገባች።

«ባዳቾ ነሽ?» አላት የበሩ ሰው።

ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። ምንም ያልገባት ሻይ አቅራቢ ትሪዋን ይዛ ቆማ ቀረች። አቶ ተሻገር ግን አልሳቁም። «እህቴ» አሉ፣ ስልካቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ «እኛ አልፈጠርነውም። ይኸው፤ ከኤርፖርት ኤርፖርት ስድስት መቶ ስልሳ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ በረራው አንድ ሰዓት ከሩብ። ርቀት ማለት ቀጥታ መስመር ነው። ስልኩ ደግሞ አይዋሽም።»

አስካለች ተነሣች። ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ሳበችው። «አቶ ተሻገር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ይቁሙልኝ።»

«ለምን?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ። አልጎዳዎትም።»

ሰው ሁሉ ስለሚያያቸው ይሁን ወይም ልክ ሲወሰድ መቆም የለመዱት ነገር ስለሆነ፣ ቆሙ። አስካለች ሜትሩን ከሆዳቸው ፊት ለፊት፣ ኮታቸውን ሳትነካ፣ ከግራ ጎን እስከ ቀኝ ጎን አየር ላይ ወጥራ ያዘችው። «አርባ ሁለት» አለች ጮክ ብላ። ቀጥላ ሜትሩን በወገባቸው ዙሪያ አዙራ ሆዳቸው ላይ አገናኘችው። «አንድ መቶ አስራ ስድስት። አርባ ሁለቱም እውነት ነው፤ ሜትሬ አልዋሸም። ቀጥታ መስመር ነው። አሁን ሱሪዎን በየትኛው ልቁረጥልዎት?»

ረድኤት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«በአርባ ሁለቱ ከሰፋሁልዎት ከጉልበትዎ አያልፍም። ያኔ ‹ስልክ ላይ ትክክል ነው› ብልዎት ራቁትዎን ይሄዳሉ? ሰው የሚለካው ልብሱ በሚዞርበት ነው። ባሌም የሚለካው በሚመጣበት መንገድ ነው።» ደብተሯን ከነጠላዋ ፈትታ የባዳቾን ገጽ ከፊታቸው ዘረጋች።

አቶ ተሻገር ተቀመጡ። መነጽራቸውን አጠለቁ። የወጣበትን ቀን፣ የገባበትን ቀን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ፤ እናቱ የሞቱ ጊዜ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆየ። «እዚህ በየሥሩ ወገብ፣ ወገብ የሚለው ምንድን ነው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እሱን ይለፉት። እሱ የእኔ ነው።»

ጣታቸው ከሰማንያ ስድስት እስከ ሰባ ዘጠኝ ወርዶ ቆመ። ደብተሩን ዘግተው መለሱላት። «ቢሆንም መመሪያው...» አሉና ሳይጨርሱት ተዉት። አስካለችም ወደ አግዳሚዋ ተመለሰች። አስር ሰዓት ሆነ። የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ ተበተኑ። አስራ አንድ ሆነ። ሳቁም ቀልዱም አለቀና እሷና ሰዓቱ ብቻ ቀሩ። አስራ አንድ ከሃያ አምስት ላይ አቶ ተሻገር መሳቢያቸውን ቆልፈው ኮታቸውን ቆለፉ።

«እንግዲህ እህቴ፣ ሰዓቱ ደረሰ።»

«ደረሰ። ባለጉዳዩ ግን አልደረሰም። እሱን ይጻፉልኝ።» ቅሬታዋን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ አቀረበችላቸው። «‹ከስምንት ሰዓት ከአስር ተጠርቶ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊደርስ አልቻለም› ብለው ይፈርሙበት።»

አቶ ተሻገር እስክሪብቶውን አንሥተው ቆዩ። «ይህን ከፈረምኩ'ኮ አንድ ሰዓት ከሩብ አይደለም ማለቴ ነው።»

«አዎ።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ካልፈረሙ መጥቷል ማለት ነዋ! ቆሞ ቅሬታውን ሲያቀርብ ይቀበሉታል።»

አጠገባቸው የነበረው ሠራተኛ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ይፈርሙላት» አለ። አቶ ተሻገር ከመነጽራቸው በላይ ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ቁጣም ነበረበት፣ ሌላም ነገር ነበረበት። ጻፉ። ፈረሙ። ረድኤት ማንም ሳያዛት ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና «ገቢ» የሚለውን ማኅተም ወረቀቱ ላይ አሳረፈችበት፤ ቁጥርና ቀኑን ሞላች፣ ሰዓቱንም ጨመረች። ድሮ ሰዓት ጽፋ አታውቅም።

«ኮሚቴው ሰኞ እንደገና ያየዋል» አሉ አቶ ተሻገር በሩ ላይ። «ቃል ግን አልገባልሽም።»

«ቃል አልጠየቅኩም። ሰዓት ነው የጠየቅኩት» አለች አስካለች፤ ሰኞም እንደምትመጣ፣ አግዳሚውንም እንደምታውቀው ነገረቻቸው። መቀሷን ከዘበኛው ተቀብላ ወጣች። ስልኳ ላይ ኤርካሎ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። መልሳ አልደወለችም።

ናርዶስን ከጎረቤት ወስዳ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ገና ብርሃን አለ። የረድኤት ቀሚስ ከነእስፒሉ እንደተሰቀለ ነው። አስካለች ግን ከመደርደሪያው ላይ ዓመት ያስቀመጠችውን ግራጫ ጨርቅ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ደወለች።

«ምን ሆኖ ዋለ?» አለ ባዳቾ፣ ገና እንደነሣው።

«ሰኞ ያዩታል። ወገብህ አሁን ስንት ነው?»

«ኧረ ተይኝ አንቺ! ቀበቶዬ ላይ አንድ ቀዳዳ ጨምሬያለሁ።»

«ማን ነው?» አለች ናርዶስ ከመኪናው ሥር። «አባትሽ ነው፤ ነይ ሱሪውን ያዥለት» አለቻት። ልጅቷ ወጥታ የጨርቁን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። አስካለች በጠመኔዋ ሰባ ስምንት ላይ መስመር አሰመረች። መቀሱን ያሳረፈችው ግን መስመሩ ላይ አልነበረም። ከኋላ በኩል አራት ጣት ጨርቅ አስተርፋ ቆረጠች። ሰው ቤቱ ሲኖር ይወፍራል።